በጣራ ላይ ያለ ድንጋይ፦ ስለ ጉልላት፣ ስለ አሸንዳ አፍ እና ስለ ማደስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከፓርላማው ሕንፃ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ቆሟል። ከእኛ መካከል በታክሲ ሥራም ሆነ በሆስፒታል ፈረቃ ምክንያት በዚያ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው። ግድግዳው ጠቆር ያለ፣ ሾጣጣ ማማዎቹ ነጣ ያሉ፣ ትልቁም ማማ ከመሬት 105 ሜትር የሚርቅ ነው። የሃይማኖት ልዩነታችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ሕንፃ ስደተኛ ሕዝብ በባዕድ አገር ለእግዚአብሔር ቤት ሲሠራ ምን እንደሚገጥመው የሚናገረው ብዙ ነገር ስላለው፣ በዚህ የደብራችን የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ከጣራው ልጀምር ወደድሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው የተጀመረው በ1858 ነው። በቪክቶሪያ ወርቅ ከተገኘ ገና ሰባት ዓመት ነበር፤ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ሜልበርንን አጥለቅልቋት ነበር። ከእነዚህም መካከል ከአየርላንድ ረሃብና ድህነት የሸሹ ብዙዎች ነበሩ። ንድፉን የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ዋርዴል ወደዚህ አገር የደረሰው በዚያው ዓመት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የተቀደሰው በ1897 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ማማዎቹ ገና አልተሠሩም ነበር። ሕዝቡ ለ42 ዓመታት ራሱ ያልተከደነ በሚመስል ካቴድራል ሲያስቀድስ ኖሮ፣ ማማዎቹ የተፈጸሙት በሊቀ ጳጳስ ዳንኤል ማኒክስ ዘመን፣ በ1939 ነው። ከመሠረቱ እስከ ጫፉ 81 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። የሕንፃ ኮሚቴያችን ስብሰባ ረዘመ ብለን ለምናማርር ሰዎች ይህ ቁጥር መልካም ማጽናኛ ይሆናል።

ጠቆር ያለው ድንጋይ የዚህ አገር ሰዎች ብሉስቶን የሚሉት ባዛልት ነው፤ በአገራችን ደጋ ሁሉ የምናውቀው ጥቁር ድንጋይ የቅርብ ዘመዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የከተማይቱ ምዕራባዊ ዳርቻ በድንጋይ ካባዎች የተሞላ ነበረ፤ ከእነርሱም አንዱ ፉትስክሬይ ነው። ዛሬ እንጀራና በርበሬ የምንገዛበት፣ ቡና እየጠጣን የአገር ቤት ወሬ የምንለዋወጥበት ፉትስክሬይ ለሜልበርን መንገዶችና ግንቦች ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሠፈር ነው። ባዛልት ጠንካራ ነው፤ ክብደት ይሸከማል፤ ውኃ እምብዛም አይጠጣም። ነገር ግን ለመሮ ስለማይመች ቅጠልና አበባ፣ የመልአክ ክንፍና የአራዊት ፊት ለማውጣት ያስቸግራል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ጠራቢዎች ግድግዳውን በባዛልት፣ ጌጡን ግን ለስለስ ባለና ነጣ ባለ ድንጋይ መሥራትን መረጡ። የኋላው ችግር ሁሉ ከዚህ ምርጫ ይጀምራል። ለመሮ የሚመች ድንጋይ ለዝናብም የሚመች ነውና።

አንባቢ ከካቴድራሉ በታች ቆሞ ወደ ላይ ቢመለከት አፋቸውን ከፍተው ከግድግዳው ወደ ውጭ የተዘረጉ አራዊት መሰል ቅርጾችን ያያል። ፈረንጆች ጋርጎይል ይሏቸዋል። አንዳንድ ምእመናን «በእግዚአብሔር ቤት ላይ ይህ አስቀያሚ ነገር ምን ይሠራል?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሱ ቀላል ነው፤ አሸንዳ ናቸው። ከጣራው የሚወርደው ውኃ በጀርባቸው በተቦረቦረው ቦይ አልፎ በአፋቸው ይወጣና ከግድግዳው ርቆ ይወድቃል። ጠራቢው ለውኃ መውረጃ አንገትና አፍ ማውጣት ካለበት አንገትና አፍ ያለው ፍጥረት ቢቀርጽ አይገርምም። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁት ነበር፤ በአክሱም ከጥንታውያን ሕንፃዎች የተገኙ፣ በአንበሳ ራስ ቅርጽ የተጠረቡ የውኃ መውረጃ ድንጋዮች አሉ። የአክሱሙ አንበሳና የሜልበርኑ ጭራቅ በአንድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሎሌዎች ናቸው።

በምህንድስና ዓይን ሲታይ በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ «ጌጥ ብቻ» የሆነ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በአውሮፓ የጎቲክ ሕንፃዎች ላይ ከግድግዳው ድጋፍ በላይ የሚቆሙት ሹል ጫፎች በክብደታቸው ድጋፉን ወደ ታች ተጭነው፣ የጣራው ቅስት ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል ወደ መሠረት እንዲመለስ ያግዛሉ። የእኛም ጉልላት እንዲሁ ነው። ክብ የሣር ክዳን የሚያፈስሰው ከጫፉ ነው፤ ሣሩ ሁሉ ተሰብስቦ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነውና። በገጠር ቤቶች ጫፍ ላይ ማሰሮ ወይም ገንቦ የሚደፋው ለዚህ ነው። በቤተ ክርስቲያን ላይ ይህ ክዳን ከፍ ብሎ መስቀል ተሸከመ፤ በመስቀሉም ጫፎች ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰካ። ሰጎን እስኪፈለፈሉ ድረስ ዓይኗን ከእንቁላሎቿ አታነሣም የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ከመምህራኖቻችን ሰምተናል። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጉልላት ሰባት እንቁላል የተሸከመ ነው። ምሥጢሩ ከሥራው በኋላ መጥቶ በላዩ ዐረፈ እንጂ ሥራውን አላስቀረውም።

እንግዲህ አንድ የአሸንዳ አፍ ሲሰበር የሚጎዳው መልክ ብቻ አይደለም። ውኃው ርቆ መውደቁን ትቶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ የግንቡን ኖራ ያጥባል፤ ከጊዜ በኋላም በውስጥ በኩል ሥዕሉ ያብጣል። ድንጋዩን የሚሰብረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተቀበረው ብረት ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን ግንበኞች ቀጫጭን ጌጦችን እርስ በርስ ለማያያዝ የብረት ካስማ ይጠቀሙ ነበር። ብረት ሲዝግ መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ከውስጥ እየገፋም ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ከዚያም ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋት በቅን ልቡና የሚደረግ ጥገና ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ ይደፍኑታል። ኖራ ይተነፍሳል፤ በድንጋዩ ውስጥ የገባው እርጥበት በእርሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ከለስላሳው ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክር እርጥበቱ መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ የያዘውንም ጨው ከፊቱ ላይ ጥሎ ድንጋዩን እንደ ደረቅ እንጀራ ያፈረፍረዋል። መጋጠሚያው ጸንቶ ቆሞ ድንጋዩ ወደ ውስጥ የተበላበት አሮጌ ግንብ ካያችሁ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ቅዱስ ፓትሪክም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የ1997ቱ የቅዳሴ ቤት መቶኛ ዓመት ሲቃረብ፣ በ1990ዎቹ ሰፊ የእድሳት ሥራ ተካሄደበት፤ በ1994ም ለዚሁ ሥራ ተዘጋ። የመስተዋት ሥዕሎቹ ታጠቡ፤ እርሳሳቸውም ታደሰ፤ በአየር የተበሉት የጣራ ድንጋዮች በባለሙያ ጠራቢዎች ተጠገኑ፤ ሊጠገኑ ያልቻሉትም በአዲስ ተተኩ። ታዲያ ከአዲሶቹ የአሸንዳ አፎች አንዱ የዚያን ጊዜውን የቪክቶሪያ ፕሪሚየር የጄፍ ኬኔትን መልክ ይዞ ወጣ። በሕይወት ያለ፣ በሥልጣን ላይ የተቀመጠ ፖለቲከኛ በካቴድራል ጣራ ላይ ውኃ የሚተፋ ጭራቅ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ የእኛ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። እኔ በመጀመሪያ ስቄ፣ ኋላ ግን ነገሩ አሳሰበኝ። ጠራቢው ያደረገው በአውሮፓ እንግዳ አይደለም፤ የመካከለኛው ዘመን ጠራቢዎችም የሚያውቁትን ሰው ፊት በድንጋይ ላይ መተው የተለመደ ነበር። በስፔን ሳላማንካ ከተማ አዲሱ ካቴድራል በ1992 ሲታደስ በጥንታዊው በር ጌጥ መካከል የጠፈር ተጓዥ ተቀርጿል፤ በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ማማ ላይም ከፊልም የተወሰደው የዳርዝ ቬደር ራስ አለ። ጠራቢዎቹ «ይህ ድንጋይ የእኛ ዘመን ነው» እያሉ ፊርማቸውን አኑረዋል። ጥያቄው ግን ይቀራል። የተሰበረውን የቀደመ ሰው ሥራ የሚተካ ሰው፣ የቀደመውን ሰው እጅ መከተል አለበትን? ወይስ የራሱን ዘመን መናገር ይገባዋል?

ስለዚህ ጉዳይ ዓለም የጻፈው ብዙ ነው። በ1964 በቬኒስ፣ በ1979 ደግሞ እዚሁ በአውስትራሊያ፣ በደቡባዊቷ ቡራ ከተማ፣ የቅርስ ባለሙያዎች ቻርተር አውጥተዋል። የቡራ ቻርተር ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ፣ በ2013 የወጣው እትሙ ዛሬ በዚህ አገር የቅርስ ሥራ ሁሉ የሚመራበት ነው። ፍሬ ነገሩ፦ የግድ የሆነውን ያህል ንካ፣ ከዚያ በላይ አትንካ፤ አዲሱን ሥራም ቀርቦ የሚያይ ሰው ከአሮጌው ሊለየው ይቻለው የሚል ነው። ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለወጣ ሰው ጥያቄው በሌላ መንገድ የታወቀ ነው።

እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሙያ አለ። ድጓ የሚጽፍ ሰው ከእናት መጽሐፉ አንዲት ምልክት አይቀንስም፣ አይጨምርም፤ «እኔ በዚህ ዘመን ነኝና ዜማውን በዘመኔ ላድርገው» ቢል መምህሩ ብራናውን ይነጥቀዋል። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ግን ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢደግም ነውር ነው፤ ልኩን፣ ቤቱንና ሥርዓቱን ጠብቆ ቃሉን አዲስ ማድረግ ይገባዋል። ሁለቱም በአንድ ቤተ መቅደስ፣ በአንድ ማኅሌት ይኖራሉ፤ ማንም ግን ድጓውን እንደ ቅኔ አያደርገውም። ድንጋይ ጠራቢም ሊጠይቅ የሚገባው መጀመሪያ ይህን ነው ብዬ አምናለሁ፦ የተሰበረው ድንጋይ ድጓ ነውን ወይስ ቅኔ? የማማው ጫፍ መስቀል፣ የቅስቱ ቅጠል፣ በተርታ የሚደጋገመው ጌጥ ሁሉ ድጓ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ዜማው ይሰበራል። የአሸንዳው አፍ ግን ከመጀመሪያው እያንዳንዱ የተለያየ ፊት እንዲኖረው ተብሎ የተሠራ ነው። ጠራቢው ልኩን ጠብቋል፤ ውኃውም ርቆ ይወድቃል። የፖለቲከኛው ፊት ምን ያህል የረቀቀ ቅኔ እንደሆነ ለሜልበርን ሰዎች እተዋለሁ፤ ቅኔ የመሆን መብቱን ግን አልነፍገውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጣራና ጌጥ በላዩ የተጨመረ ድንጋይ አይደለምና። የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀመጡ ሦስት መስቀሎች ተጌጧል፤ የቤተ መድኃኔ ዓለም ጣራም ተርታ ቅስቶች ተቀርጸውበታል። ሁሉም ከወለሉ ጋር ያው አንድ ዐለት ነው። ስለዚህ በቅዱስ ፓትሪክ አንድ ድንጋይ ሲበላሽ አውርዶ ሌላ መስቀል ይቻላል፤ በላሊበላ ግን አንድ ቁራሽ ወድቆ በሌላ ድንጋይ ቢተካ ሕንፃውን የሚያስደንቀው ነገር፣ ይኸውም አንድነቱ፣ በዚያ ቦታ ላይ ያበቃል። የቤተ መድኃኔ ዓለም የውጭ ዓምዶች ብዙዎቹ ወድቀው ኋላ በግንብ ድንጋይ እንደገና ቆመዋል። በቅርብ የሚያይ ሰው መጋጠሚያቸውን ይለያል፤ የቡራ ሰዎች ቢያዩት ደስ ሳይላቸው አይቀርም። ለእኔ ግን ያ መጋጠሚያ የጠባሳ ያህል ነው።

የላሊበላ ዐለት እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ክረምት ሙሉ ውኃ ይጠጣል፤ በበጋ ይደርቃል፤ በዚህ መሐል ይላላል። በ1954 የተደረገው ጥገና ውኃውን ለመከልከል ሲል የአንዳንዶቹን አብያተ ክርስቲያናት ፊት በሬንጅ ቀብቶ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ደረበበት። የሆነውም ከላይ ስለ ሲሚንቶ የተናገርነው ነው፤ እርጥበቱ በውስጥ ታፈነ። በ1960ዎቹ ዓለም አቀፉ የሐውልቶች ፈንድ፣ ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ድርጅት፣ በጣሊያናዊው መሐንዲስ በሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት ያን ሬንጅ በብዙ ድካም አስፍቆ አስነሣው። በ1978 አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። ዝናቡ ግን መዝገብ አያነብም። በቆርቆሮና በእንጨት የተሠሩ መጠለያዎች ተተከሉ፤ በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ታላላቅ የብረት መጠለያዎች በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ቆሙ። ለጊዜው የታሰቡት መጠለያዎች ዘመናቸው እየረዘመ ሲሄድ ካህናቱና ምእመናኑ ነፋስ ቢያናውጣቸው ቤተ መቅደሱ ላይ ይወድቃሉ ብለው ሠጉ፤ በ2018ም ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ ሥጋቱን አሰማ። በ2019 የፈረንሣይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው የአገራቸውን ድጋፍ ቃል ገቡ፤ ከዚያም በኋላ የሁለቱ አገሮች የጋራ ሥራ ተጀመረ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን እስከ ዛሬ ከላዩ ምንም ሳይጋረድበት ሰማዩን እያየ ይኖራል። ጣራው የተጠረበበት ዘዴ፣ ዝናቡን ወደ ውጭ የሚያፈስሱት የዐለት አሸንዳዎቹም፣ ለዚህ ሳይረዱት አልቀሩም።

ከላሊበላ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በላሊበላ መስኮቶችና በሮች ማዕዘን ላይ የምናያቸው ጎበጥ ያሉ የድንጋይ ጫፎች መጀመሪያ ከእንጨት ነበሩ። በአክሱም ዘመን የአሠራር ዘዴ ግድግዳውን የሚያያይዙት አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣል፤ የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ፤ በደብረ ዳሞ ዛሬም ይታያሉ። የላሊበላ ጠራቢዎች አንዲት እንጨት በሌለበት ዐለት ላይ የእንጨቱን ጫፍ ቀረጹ። ሥራው ቀርቶ መልኩ ብቻ ተወረሰ ማለት ነው። ይህም ድጓ ነው፤ የመሸከም ሥራው ቢቀርም አባቶች እንዲጠፋ አልፈቀዱለትም።

ስለ ብረት ካነሣሁ ዘንድ የአክሱምን ሐውልት ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው፣ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል የሆነው ሐውልት በ2002 በመብረቅ ተመትቶ ከአናቱ ቁራጭ ወድቋል። በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 ሲተከል፣ ቁርጥራጮቹን ያያያዙት መሐንዲሶች በብረት ፈንታ አራሚድ የሚባለውን ጠንካራ ክር መረጡ፤ አይዝግም፣ መብረቅም አይስብም። የ19ኛው መቶ ዘመን ግንበኞች የሠሩት ስሕተት በአክሱም እንዳይደገም ሆነ።

አሁን ደስ ወደማይለው ነገር ልግባ። በቋንቋችን «ማደስ» ማለት ቃል በቃል አዲስ ማድረግ ነው፤ ከግእዙ ሐደሰ የመጣ ነው። «መጠገን» ሌላ ነው፤ «መጠበቅ»ም ሌላ ነው። በተግባር ግን «ቤተ ክርስቲያናችንን እናሳድስ» ተብሎ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ እኛ በውጭ ያለነው ሰዎችም ዶላራችንን ስንልክ፣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አሮጌውን አፍርሶ ሰፊ የሲሚንቶ ሕንፃ መሥራት ነው። በሰሜንም በደቡብም ክብ የሆኑት፣ ግድግዳቸው በጭቃና በድንጋይ የተሠራው፣ በመቅደሳቸው ዙሪያ በሸማ ላይ የተሣሉ ሥዕላት የተለጠፉባቸው አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ እየሆኑ አልቀዋል። ይህን የሚያደርጉትን ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ ነው፤ ታቦቱ ካለ ሕንፃው ቢፈርስ ይሠራል የሚል እምነት አላቸው፤ እውነትም ነው። ሕዝቡ በዝቷል፤ ዝናብ ሲመጣ በውጭ የሚያስቀድሰው ሰው ይበልጣል። ነገር ግን ከሕንፃው ጋር የሚፈርሰው የሠሪው ሙያ ነው። ጉልላቱን ያበጀ አንጥረኛ፣ ሣሩን የከደነ አዋቂ፣ ሥዕሉን የሣለ ደብተራ ሥራቸው ከወረደ በኋላ ልጆቻቸው ከምን አይተው ይማራሉ? በአገራችንም ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገንና መለወጥ ይከለክላል። ሕጉ ሳይኖር አልቀረም፤ የጎደለው ገንዘብ ስንልክ «አሮጌው ምን ይሆናል?» ብለን መጠየቃችን ነው። ከዚህ ደብር ወደ አገር ቤት የሚሄደው እያንዳንዱ መዋጮ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ቢሄድ እመኛለሁ።

ለደብራችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የምንገለገልበት ሕንፃ እኛ ያልሠራነው ነው። ከእኛ በፊት ሌሎች ክርስቲያኖች በጡብ የገነቡት፣ ሕዝባቸው እያነሰ ሲሄድ ወደ እኛ የተላለፈ ነው። በፊት ለፊቱ፣ የጣራው ሁለት ክንፎች በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ከአሸዋ ድንጋይ የተጠረበ የመስቀል ጌጥ ነበረ። አንዱ ክንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ሰው ላይ እንዳይወድቅ በክሬን አወረድነው። በውስጡም የተገኘው የተጠበቀው ነው፤ የዛገ የብረት ካስማ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ በአዳራሹ ጓሮ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ የሰበካ ጉባኤያችንም ሦስት ጊዜ ያህል ተከራክሮበታል።

ገሚሶቹ በቦታው የእኛን ጉልላት፣ ሰባት እንቁላል ያለበትን፣ ከአገር ቤት አስመጥተን እንትከል ይላሉ። አንድ አባት በጉባኤው ላይ «ልጆቻችን ከመንገዱ ማዶ ሆነው ቤታቸውን በምን ይለዩት? በፈረንጅ መስቀል?» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ወዲያው ደግሞ ከእናቶች ወገን አንዲት ተነሥተው «አባቴ፣ እነዚያ ሰዎች በሳንቲማቸው ያቆሙትን መስቀል አውርደን ብንጥለው፣ ነገ እኛ ያቆምነውንስ ማን ያከብርልናል?» አሉ። ለእኚህ እናት ያጨበጨበ አልነበረም፤ ግን ስብሰባው ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ሦስተኛው ወገን ወጪው በዛ፣ ጫፉን በቆርቆሮ ሸፍነን እንተወው የሚል ነው። የምህንድስና ትምህርቴ ይህን ሦስተኛውን ሐሳብ አይቀበለውም፤ በዚያ ጫፍ ላይ የነበረው ድንጋይ በክብደቱ የግድግዳውን የላይኛ ተርታ ጡቦች ተጭኖ ይይዝ ነበረና።

የካውንስሉ ደንብ ግማሹን ጥያቄ መልሶልናል። ሕንፃው የቅርስ ጥበቃ ክልል ውስጥ ስለሆነ ከመንገድ የሚታየውን ፊቱን ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን እንደ ሸክም ያዩታል። እኔ ግን በአክሱምና በጎንደር ጉዳይ ከፈረንጆች የምንጠይቀውን አክብሮት እዚህ ስንጠየቅ ልንከፋ አይገባንም እላለሁ። ፊቱ የእነርሱ ድጓ ነው፤ እንደ እናት መጽሐፉ ይገልበጥ። ቅኔያችንን የምንቀኝበት ቦታ ደግሞ አላጣንም። በጓሮ በኩል የምንሠራው ቤተ ልሔም አዲስ ነው፣ ክብ ነው፣ የእኛው ነው፤ ጉልላቱ ከነእንቁላሎቹ እዚያ ላይ ይቁም። ልጆቻችን ዘወትር የሚሮጡት በጓሮው በኩል ስለሆነ አባታችን የጠየቁት ጥያቄም በዚህ መልስ ያገኛል።

ይህ ሐሳብ በጉባኤው በብዙ ድምፅ አልፎ ወደ ሥራ ገብተናል። ጠራቢው ልኩን የወሰደው ካልተሰበረው ክንድ ነው፤ የተሰበረውን ክንድ በእርሱ አምሳል ገልብጦ ይሠራዋል። አዲሱ ድንጋይ ቀለሙና ቅንጣቱ ከአሮጌው ጋር የተቀራረበ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ እንዳይልጠው ተርታው በመሬት ውስጥ እንደነበረው አግድም እንዲተኛ ተደርጎ ይጠረባል። ካስማው የማይዝግ ብረት፣ ማያያዣው ኖራ ይሆናል። አሮጌው ድንጋይ አይጣልም፤ በአዳራሹ መግቢያ ይቀመጣል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ጠራቢ ልክ ሊወስድበት ይችላልና። በአዲሱ ድንጋይ ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታየው በኩል፣ ጠራቢው የተሠራበትን ዓመት እንዲቀርጽ ተስማምተናል። ቁጥሩ በእኛ ዓመተ ምሕረት ይሁን ወይስ በእነርሱ የሚለው ግን ገና ሲያከራክረን ነው፤ የሚቀጥለው ጉባኤ ከትንሣኤ በኋላ ይሰበሰባል።